የነፃውን ትምህርት ማን አስወደደው?

እስቲ ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ተነሥታችሁ ወደ ፔዳ ግቢ ስትሄዱ በመንገዱ ዳር ያሉትን ምሰሶዎች ቆም እያላችሁ አንብቡ። «ጀርመን ያለ ቋንቋ ፈተና!»፣ «ጣሊያን መቶ በመቶ ስኮላርሽፕ፣ ቪዛው የተረጋገጠ!»፣ «ፖላንድ በሁለት ወር!»፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥር። ዱሮ በእነዚህ ምሰሶዎች ላይ የሚለጠፈው የሚከራይ ቤትና የሙት ዓመት ማስታወቂያ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር አውሮፓ ሆኗል።

ከቁጥሮቹ በአንዱ ደወልኩ። ለራሴ አይደለም፤ እኔ ከዲፕሎማዬ ጋር ተስማምቼ እዚሁ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። የደወልኩት ለእህቴ ልጅ ነው። ልጅቷ ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በውሃ ምህንድስና ተመርቃለች፤ ውጤቷም የሚያኮራ ነው። እናቷ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት አስተማሪ ናት። ዕቁቧን ከባለዕጣው ለምና አስቀድማ ወስዳ 45 ሺህ ብር «ለፕሮሰስ» ብላ ለአንድ ደላላ ከፈለች። ይቅርታ፣ ደላላ አይባልም፤ «አማካሪ» ነው የሚባለው። ከአምስት ወር በኋላ የተገኘው ውጤት ከአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ የመጣች አንዲት ኢሜይል ናት፤ «ማመልከቻሽ ደርሶናል፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽ ይላክልን» የምትል።

አጎት አይደለሁ? ተነሥቼ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ግድግዳው ላይ ባለ አሥራ ሁለት ኮከቡ የአውሮፓ ኅብረት ባንዲራ። የወጣቱ «አማካሪ» ትሕትና ለጉድ ነው። «ጋሼ ይቀመጡ» ብሎ ቡና አዘዘልኝ።

«ደረሰኝ አለ?» አልኩት።

«ደረሰኝ ከቪዛ በኋላ ነው ጋሼ።»

«ዩኒቨርሲቲው ለማመልከቻ ስንት አስከፈላችሁ?»

«እሱ የድርጅታችን ሚስጥር ነው።»

ሚስጥሩን እኔ ልንገራችሁ። ዜሮ ነው። ልጅቷ ያመለከተችበት ዩኒቨርሲቲ ለማመልከቻ ቤሳ አይጠይቅም። ቅጹን የሞላችው እሷ፣ ደብዳቤውን የጻፈችው እሷ፣ ፎቶ የተነሣችው እሷ። እሱ «ላክ» የምትለዋን ቁልፍ ተጫነ። የጣናን ውሃ በጀሪካን ቀድቶ ለጣና ዳር ሰው ሸጠ ማለት ነው።

ይሁንና ይህን ልጅ ብቻ ሰድቤ ብሄድ ነገሩን ማቃለል ይሆናል። የጣና ውሃ ለጣና ዳር ሰው የሚሸጠው ወደ ውሃው የሚያስወርደው መንገድ ሲታጠር ነው። ለመሆኑ አጥሩን ማን አጠረው?

መጀመሪያ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ያለውን እንየው፤ ደላላው «ሚስጥር» የሚለውን ሁሉ።

በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም። በርሊን ተወለድክ፣ ዳንግላ ተወለድክ አይሉም። የሚከፈለው የሴሚስተር መዋጮ ነው፤ እንደ ቦታው ከ100 እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል፤ በብዙ ከተሞች የአውቶቡስና የባቡር ቲኬት በውስጡ አለ። ለየት ያሉም አሉ። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ ሀገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣውን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ወዲህ በሺዎች መጠየቅ ጀምሯል። ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚያጣራ ዩኒ አሲስት የተባለ ድርጅት አለ፤ እሱ ለመጀመሪያው 75፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ማመልከቻ 30 ዩሮ ይወስዳል። «ያለ ቋንቋ ፈተና» የምትለዋም ተአምር አይደለችም። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ አንዳንድ የውጭ ተቋሞች «ትምህርቷን የተከታተለችው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል የሬጅስትራር ደብዳቤ ይበቃቸዋል። አንዲት ገጽ ደብዳቤ! ምሰሶ ላይ ተለጥፋ ስትሸጥ ግን የደላላ ጥበብ ትመስላለች።

ጣሊያን ደግሞ የሚያስከፍለው እንደ ቤተሰብ ገቢ ነው። የቤተሰቡ አቅም በእነሱ ስሌት በዓመት ከ22 ሺህ ዩሮ በታች ከሆነ ተማሪው ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ነፃ ነው፤ የሚቀረው የክልል ግብርና ቴምብር ነው፤ ይኸውም በብዙ ቦታ 150 ዩሮ አካባቢ። እስቲ ባሕር ዳር ውስጥ በዓመት 22 ሺህ ዩሮ የሚያገባ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ወታደር፣ ዓሣ አስጋሪ አሳዩኝ! በዚያ ላይ ክልሎቹ ለተቸገረ ተማሪ ገንዘብ፣ መኝታና ምግብ ይሰጣሉ። የሚጠየቀው የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ ነው፤ ተተርጉሞ፣ ተረጋግጦ። መሰናክሉ እዚህ ላይ ነው፤ የክልሉ ድጎማ ውጤት የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ተማሪው እዚያ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ ለቪዛው ከ6 ሺህ ዩሮ በላይ በእጅ መኖሩን ማሳየት ግድ ነው። «መቶ በመቶ ስኮላርሽፕ፣ ቪዛው የተረጋገጠ» የሚለው ለጣፊ ይህቺን አይነግራችሁም።

ከሁሉም የሚሻለው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠው ስኮላርሽፕ ሲሆን ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ይማራል፤ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፈለዋል፤ የትምህርት ክፍያ የለበትም። ከአፍሪካ በብዛት ከሚያሸንፉት አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት። ማመልከቻው የሚከፈተው በጥቅምት ገደማ ነው፤ አብዛኛው በጥርና በየካቲት ይዘጋል። የጀርመኑ ዳአድ ደግሞ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ፣ የሥራ ልምድ ላላቸው ምሩቃን የሚሰጠው አለ። የሃንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የተባለውን በ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሯል፤ ኢትዮጵያም ከተባባሪዎቹ አገሮች አንዷ ናት። የሃንጋሪው የኪስ ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት። በሱ ብቻ ቡዳፔስት ላይ ጠግቦ ማደር አይቻልም። ትምህርቱ ግን በነፃ ነው።

«ኖርዌይስ? ስዊድንስ?» የሚል አይጠፋም፤ የአክስት ልጅ እዚያ በነፃ ተምሮ ነበራ! ነበር። ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይ በ2023 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣውን ተማሪ ማስከፈል ጀምረዋል። ፈረንሳይም በ2019 ለመጀመሪያ ዲግሪ 2,770፣ ለሁለተኛ ዲግሪ 3,770 ዩሮ በዓመት ብላ ተመነች፤ በኋላም ጨመር አድርጋበታለች፤ ምሕረት የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አሏት። ከዘመድ የሰማችሁትን ወሬ «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የዘመድ ወሬ ጊዜው ሲያልፍበት እንደ ዳቦ አይሻግትም፤ ትኩስ መስሎ ይቆያል።

ያስተዋለ አንባቢ የዘረዘርኩት ጥሩ ጥሩው ሁሉ ለሁለተኛ ዲግሪ መሆኑን አይቷል። አዎ። ለ12ኛ ክፍል ጨራሽ በሩ ጠባብ ነው። የጀርመን ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የእኛን 12ኛ ክፍል ብቻውን አይቀበልም፤ የመሰናዶ ዓመትና ፈተና ያዛል። የእኔ ምክር እዚሁ ዲግሪህን ያዝ፣ ከዚያ ሂድ ነው። ደላላው ግን ገበያው ያለው እዚያ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። የወደቀው ማን ነው? በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ልጅ! ቤት ቁጭ ያለ፣ ጓደኛው ያለፈበት፣ እናቱ የምታለቅስበት ልጅ ነው «ያለ 12ኛ ውጤት አውሮፓ» የሚለውን ምሰሶ ቆሞ የሚያነበው። ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን አጥብቄ ኩረጃን አጠፋሁ ይላል። ኩረጃ መጥፋቱ ደግ። የወደቀው ልጅ ወዴት ይሂድ ለሚለው ግን የመለሰለት ደላላው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ አጥር እንምጣ። ወደ ገንዘቡ።

ጀርመን ትምህርቱ ነፃ ነው ብትልም «የምትበላው አለህ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ታዛለች፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ልኩ 11,904 ዩሮ ነው። ገንዘቡ የተማሪው ነው፤ እዚያ ሲደርስ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅለታል። ስኮላርሽፕ ያለው ወይም ጀርመን ውስጥ ገቢ ያለው ሰው በሕግ ፊት ዋስ የሆነለት ይህን ላያስፈልገው ይችላል።

ይህ ገንዘብ በእኛ ስንት ነው? ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ይወሰን ተብሎ ከመለቀቁ በፊት ዩሮው በባንክ 62 ብር ግድም ስለነበር 11,904 ዩሮ ማለት ወደ 740 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ለባንኩ እናዳላለትና ዩሮውን በ150 ብር ብቻ እንያዘው፤ 1,785,600 ብር ይመጣል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ አንድ አዲስ ባለ ዲግሪ በወር 11,500 ብር ይከፈለዋል ተብሏል። በዓመት 138 ሺህ። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ሥራ ብታገኝና ደሞዟን ሳትበላ፣ ሳትለብስ፣ ቤት ሳትከራይ፣ ግብርም ሳትከፍል ብታስቀምጥ ዝግ ሒሳቡን የምትሞላው በ13 ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ ዩሮው 150 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል?

«ኢኮኖሚው ተሻሻለ» ሲሉን የማንን ኢኮኖሚ ነው? ጀርመን በሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቀችውን ገንዘብ ከሁለት እጥፍ በላይ አላደረገችም። ከሁለት እጥፍ በላይ ያደረገው የእኛው ብር ነው።

ደላላው እዚህም መላ አለው። «ገንዘቡን እኛ እናሳይልሃለን» ይላል። የተበደረ፣ ለሁለት ቀን የተቀመጠ፣ አንዳንዴም በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ገንዘብ። ኤምባሲዎቹ ሕፃን አይደሉም። በሐሰተኛ የባንክ ማስረጃ የተያዘ ልጅ ቪዛውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ያጣል። ጀርመን ደግሞ ቪዛ የተከለከለ ሰው «እንደገና ተመልከቱልኝ» ብሎ በደብዳቤ የሚከራከርበትን አሠራር ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምራ በዓለም ሁሉ አስቀርታለች፤ ያለው ምርጫ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ከቀበሌ 14 ተነሥቶ በርሊን የሚከስ ማን አለ? አንዱ ደላላ ደግሞ «የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ኢትዮጵያውያን ላይ ቪዛ ስላጠበቀ በእኛ በኩል ካልሆነ አይሆንም» እያለ ሲያስፈራራ ሰምቻለሁ። ያ ውሳኔ የወጣው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ ነው፤ የተማሪ ቪዛ ሌላ ነው። ውሸት ነው በሉት።

እንዲህ ስል «ትምህርት የፈለገ በራሱ ይክፈል፣ መንግሥት ምን አገባው?» የሚለኝ ካድሬ አይጠፋም። በጀልባ ይዤው ወደ ዘጌ ልሻገር። ያ ቡናና ገዳም የሞላበት ልሳነ ምድር አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 እ.ኤ.አ. የተወለደበት ነው። ያ የዘጌ ልጅ በ1887 ሥዕል እንዲማር ወደ ጣሊያን ተልኮ ቶሪኖ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ማን ላከው? ምኒልክ። መንግሥት! ባንክ የለም፣ ኢሜይል የለም፣ አውሮፕላን የለም፤ ግን የጣና ዳር ልጅ አውሮፓ ገብቶ ተማረ። ኋላ አፈወርቅ ለጣሊያን ማደሩ እውነት ነው፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ከሐይቁ ምሥራቅ ከይፋግ የተገኙት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ደግሞ በ1905 እ.ኤ.አ. በርሊን ሄደዋል፤ እሳቸውስ ለመማር አይደለም፣ ለማስተማር ነው።

ቅርብ ዘመንም እንምጣ። ፖሊ የምንለው ግቢ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፈተ። በደርግ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ቡልጋሪያ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ተልከው ተማሩ። ለደርግ ጠበቃ አልቆምም፤ ያን ትውልድ በአንድ እጁ እየላከ በሌላው እጁ እየገደለ ነበር። ቢሆንም የገበሬ ልጅ ሌኒንግራድ ሲሄድ እናቱ ዕቁብ አልሸጠችም። ዛሬ ፓስፖርቱ ብቻ በመደበኛው 5 ሺህ ብር ነው። ከዚያም ወዲያ ያለው ሁሉ በራስህ ተወጣው ነው።

እሺ፣ መንግሥት አይክፈል። አይከልክል ብቻ። ይህም አልሆነልንም።

ያቺን የ45 ሺህ ብር ኢሜይል አስታውሱ፤ «ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይላክ»። ልጅቷ ወደ ተማረችበት ተቋም ሄደች። «የወጪ መጋራት ዕዳ አለብሽ፤ ካልከፈልሽ ኦሪጅናል ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይወጣም» ተባለች። ዕዳ መክፈል ተገቢ ነው፤ ማንም አልካደም። ግን አዙሪቱን እዩልኝ። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል። ቀጣሪው ኦሪጅናል አምጪ ይላል። ኦሪጅናሉ ዕዳው ሲከፈል ነው። የውጭ ስኮላርሽፕ ብታገኝ ዕዳውን በሁለት ወር ትከፍለው ነበር፤ ስኮላርሽፑን ለማግኘት ደግሞ ያው ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። አዟሪው ማን ነው? እናትየዋ መጨረሻ ላይ ተበድራ ከፈለች። ከፍላም ለፊርማ ሦስት ሳምንት ተጠበቀ፤ የሚፈርሙት ሰውዬ «ስብሰባ ናቸው»። ማመልከቻው በዚህ መሐል ተዘጋ።

ይህ የሆነው በሰላሙ ቀን ነው ልበል? በክልሉ በሐምሌ 2015 መጨረሻ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ለወራት! የኢራስመስ ማመልከቻ የሚሞላው በምንድን ነው? በደብዳቤ? በታንኳ? ያን ዓመት የባሕር ዳር ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ ዋይፋይ አለ በተባለበት ሆቴል ሁሉ በራፍ ላይ ሲንከራተት አይቻለሁ፤ አንድ ሻይ አዝዞ አራት ሰዓት የሚቀመጥ፣ አስተናጋጁ የሚገላምጠው። አውሮፓ ያለው ዩኒቨርሲቲ «ክልሉ ኢንተርኔት ስለተዘጋበት ቀኑን እናራዝም» አይልም። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው ካለ ነው። ኢንተርኔቱን የዘጋው ሰው የዘጋው የታጣቂ ወሬ ብቻ መስሎት ይሆናል። የስንቱን ልጅ ዕድል አብሮ እንደዘጋ የቆጠረ አለ?

ኤምባሲዎቹ ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው። ለአሻራና ለቃለ መጠይቅ 500 ኪሎ ሜትር ግድም መሄድ አለ። በየብስ? ሰኔ 26 ቀን 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አጠገብ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ከዚያ በኋላ ልጁን በአውቶቡስ የሚልክ ወላጅ ልቡ እንደ ድንጋይ ይሁን። በአውሮፕላን? ቲኬቱን ማን ይቁረጥ? ስለዚህ ደላላው ይመጣል። «እኛ አዲስ አበባ ሰው አለን» ይላል። መንገዱ የተዘጋ አገር ደላላ የሚቀባበለው አገር ነው።

ባለሥልጣኖቻችን በየመድረኩ ይመክሩናል፤ «ወጣቱ አገሩ ላይ ሠርቶ መለወጥ ይችላል፤ የተማረ ኃይል አይሰደድ» ይላሉ። ጥሩ አባባል ነው። እኔ የምፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ እናንተ ይህን የምትሉን ልጆቻችሁን የት አገር እያስተማራችሁ ነው? እጃችሁን አውጡና ተናገሩ፤ እኛም ጻፍን እንበል።

«የተማረ ሰው ፈለሰ» የሚለውን ሥጋት ግን እንደ ቀልድ አላየውም። ሄደው የቀሩ ሞልተዋል። ከፖሊ ወጥተው ፍራንክፈርት ላይ ታክሲ የነዱ መሐንዲሶች አሉ። ሆኖም ጣናን ተመልከቱ። እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ስንት ዘመቻ፣ ስንት ማሽን፣ ስንት ቲሸርት አየን! ገበሬው በእጁ እየነቀለ ነው፤ እምቦጩ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ይመለሳል። ይህን የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙትን፣ ባርቡስ የሚባሉትን ከአሥር በላይ የዓሣ ዝርያዎች ለይተው ለዓለም ያስተዋወቁት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሆላንድ ከቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል። ቢሆንም የደቅ ደሴት ዓሣ አስጋሪ ልጅ ቫገኒንገን ሄዶ ተምሮ ያንን ቢያጠናው ምን ነበረበት? የእህቴ ልጅ መማር የምትፈልገው ይኸንኑ ነው፤ የሐይቅ ውሃ። ደልፍት የሚባል የሆላንድ ከተማ ውስጥ የውሃ ትምህርት ብቻ የሚሰጥ ተቋም አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተምረውበታል፤ እሱን በስልኳ እያየች ነው የምታድረው። ስኮላርሽፕ ካልተገኘ ግን የማይታሰብ ዋጋ ነው።

ከተማችን በግንቦት 2016 በዓባይ ላይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተመርቆላታል። በጣና ዳርም ኮሪደር ልማት እየተባለ አበባና መብራት ተተክሏል። እሰየው፣ ያምራል፤ ማታ ማታ እኔም እሄድበታለሁ። አንድ ትራንስክሪፕት ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ለመሻገር ድልድይ አላገኘችም። ምን ያስፈልግ ነበር? በየዩኒቨርሲቲው አንድ መስኮት፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፊርማ ያላት ሴት፣ በሦስት ቀን ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ ለውጭው ዩኒቨርሲቲ በኢሜይል የምትልክ። ዕዳ ያለበት ልጅ በውል ፈርሞ ወረቀቱ ይለቀቅለት፤ ሲቀጠር ይክፈል። ትምህርት ሚኒስቴር የሃንጋሪውንም ሆነ የሌላውን ጥሪ በሰዓቱ በየክልሉ ሬዲዮ ያስነግር፤ አዲስ አበባ ያለው ካወቀ በኋላ ለእኛ በሁለት ሳምንቱ አይድረሰን። ኢንተርኔት ደግሞ በወጣበት ይቆይ፤ አትዝጉት። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ የአንድ የአበባ አጥር አያክልም።

እስከዚያ ድረስ ይህን ጋዜጣ የያዘ ወጣት የሚከተለውን በነፃ ይውሰድ። የመረጥከውን ዩኒቨርሲቲ ራሱን ጠይቅ፤ ለተማሪ ኢሜይል ይመልሳሉ፤ ትሕትናቸው ከእኛ ሬጅስትራሮች ይበልጣል። ትራንስክሪፕትህን ዛሬ ጀምር፤ ጥቅምት ከመምጣቱ በፊት በእጅህ ይግባ። ፓስፖርትህንም እንደዚያው። የሚያስተምርህን መምህር ዛሬ አክብረህ የድጋፍ ደብዳቤ ለምነው፤ ለሦስት ቀን ሲቀረው ብትመጣበት አይጽፍልህም። ጀርመን ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ ደላላው ግን «ሠርተህ ዝግ ሒሳቡን ትተካዋለህ» ቢልህ አትመነው፤ ገንዘቡ የሚጠየቀው ከመሄድህ በፊት ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው ፊት ደግሞ ቦርሳ አታውጣ።

የእህቴ ልጅ አሁን ሦስት የኢራስመስ ማመልከቻ ራሷ ሞልታ ልካለች፤ ያለ ደላላ፣ ያለ ሳንቲም። አንዱን የላከችው መብራት ጠፍቶባት በስልኳ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ በአንድ የግል ት/ቤት ሒሳብ ታስተምራለች።

የ45 ሺሁን ነገር ለመጠየቅ ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ቢሮ ተመልሼ ነበር። በሩ ተቆልፏል፤ ባንዲራውም የለም። ስልኩን ደወልኩለት፤ ትሕትናው እንዳለ ነው።

«ጋሼ እንዴት ከረሙ! እኛ እኮ አሁን ጎንደር ነን፤ ቅርንጫፍ ከፍተናል።»

ከባሕር ዳር